ሙሽራዋ በእጇ የያዘችው

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ የሱቅ ታፔላ በመሣል ነው የኖርኩት። የባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ብሩሽ የሚፈልግ ደንበኛ እየሳሳ ሄዷል። ቢሆንም የሻምፖ ማስታወቂያ ላይ ፀጉር እንዲያብረቀርቅ፣ የጥርስ ሳሙና ላይ ፈገግታ እንዲነጣ ማድረግ እጄ አልረሳውም።

ዱባይ ተራ ልብስ የምትሸጥ ደንበኛዬ ለዕቃ ሕንድ ሄዳ ስትመለስ አንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን መጽሔት ይዛልኝ መጣች።

"ዝናብ አባሮኝ የገባሁበት ቤት ነው ጋሼ። እርስዎ ትዝ አሉኝ" አለችኝ።

ገለጥኩት። አንዲት ሙሽራ ገጹን ሞልታዋለች፤ ቀይ ሳሪ፣ እስከ ክንዷ የወርቅ አምባር። አሣሣሏ ቁርጥ የሳሙና ማስታወቂያ ነው፦ የሚያበራ ጉንጭ፣ ከኋላዋ የፀሐይ ጨረር፣ ከታች ወፍራም ፊደል። በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ የያዘችው ግን ሳሙና አይደለም፤ የኮንዶም ፓኬት ነው። ዓይኗን አልሰበረችም።

"ጽሑፉ ምን ይላል?" አልኳት።

"ጠይቄያለሁ። 'ለቤቴ የመረጥኩት' ይላል አሉኝ።" ከሁለታችን በቀር ሰው ባይኖርም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጥላው እኔ የማውቀው ጥላ፣ ነጸብራቁም እኔ የማውቀው ነጸብራቅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ የሸጥኩበት ሙያ ይህን መናገር እንደሚችል አስቤው አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ በኤች አይ ቪ ነው የሞተው። ለቅሶ ቤት "ሳንባ ነው" አልን፤ እኔም ብያለሁ። ሚስቱ እንኳ እውነቱን የሰማችው ከቀብር በኋላ ነው።

ያን ሰሞን ከጎኔ ክሊኒክ ያላት ነርስ ታፔላ እንድሥልላት አዝዛኝ ነበር። መጽሔቱን አሳየኋት። ፓኬቱን በጣቷ ነካች።

"ይሄ መርካቶ ላይ ይሰቀላል?"

"የእኛን ሰው አድርጌ ልሞክረው። ካልወደድሽው አጠፋዋለሁ።"

ቆርቆሮ ላይ ባልና ሚስት ሣልኩ። እሱ አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ ልብስ ሰፊ፣ እሷ ሻሽ ያሰረች ነጋዴ። እንደ ዘይት ማስታወቂያ እየሳቁ የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት አብረው ይዘዋል። ከሥራቸው "አብረን ተመረመርን" ብዬ ጻፍኩ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሲሰቀል መንገደኛው ቆመ። የሳቀም ነበር፤ አንድ አዛውንት ፊታቸውን አዙረው አለፉ። በሦስተኛው ቀን መሰላል ላይ ሆኜ ጠርዙን ሳስተካክል፣ ሂጃብ የለበሰች ሴትና ባሏ ከሥር ቆሙ።

"ይቺ አንቺን ትመስላለች" አላት እየሳቀ።

"እንግዲያው ግባ" አለችው። እሷ አልሳቀችም።

ወዲያና ወዲህ አየ። ከዚያ የጫማውን ጭቃ ደፉ ላይ ጠርጎ ገባ፤ ተከተለችው። እኔ ብሩሼን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀለሙ በክንዴ ሲወርድ አላወቅኩም።