ጋሽ ተክሉ ከሮምሶስ የመጡበት ምክንያት

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። ኦስሎ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ፣ ቀልጦ፣ እንደገና የወረደበት ሳምንት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጦልኛል፤ ግን የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የማስበው አንድ ሰው ነው። ዘመዴ አይደሉም። ከዚያ በፊት ያየኋቸው አንድ ጊዜ፣ ያውም ቆመን ነው።

ከእናቴ ጋር የምኖረው ትቬይታ፣ ከገበያ ማዕከሉ አጠገብ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። እናቴ ሲኬየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ብዙ አልናገርም። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየጠገንኩ ነው የለመድኩት። የአሁኑንም ራሴ የገጣጠምኩት ካገለገለ ዕቃ ነው።

ዋናውን ክፍል፣ ምስሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ፣ ያገኘሁት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ ነው። ሻጩ ሮምሶስ የሚኖሩ፣ አቶ ተክሉ የሚባሉ የትራም ሹፌር ነበሩ። ልጃቸው ሌላ ከተማ ሊማር ሲሄድ ትቶት የሄደው ካርድ ነው። ትቬይታ ባቡር ጣቢያ በር ላይ፣ በፎጣ ጠቅልለው አስረከቡኝ።

"ችግር ካለው ደውል። ችግር ከሌለውም ደውል" አሉኝና ባቡራቸው ላይ ተሳፈሩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ጌም ከመጫወት ይልቅ ሴቲንጉን፣ የምስሉን ጥራት ማስተካከያ፣ መነካካት ያስደስተኛል። ከባድ ጌም በመካከለኛ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ እንግዳ እንደ መቀበል ነው። የትኛው ወንበር ቢወጣ እንደማይታወቅ፣ የትኛው ቢወጣ ደግሞ ቤቱ ቤት እንደማይመስል ማወቅ ያስፈልጋል። የጥላውን ጥራት አንድ ደረጃ ብትቀንስ ማንም አያይልህም። የሩቁን ዛፍ ብትቀንስ ግን ስትቀርብ ጫካው ዓይንህ እያየ ከመሬት ብቅ ይላል። ይህን ለይቼ ማወቅ እወዳለሁ።

በዚያ ሰሞን ጌም ከሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት መልስ መጣልኝ። የትምህርት ማስረጃ ባይኖረኝም ለፕራክሲስ፣ ለሥራ ልምምድ፣ ሊወስዱኝ ፈቃደኞች ነበሩ። ግን መጀመሪያ ሥራዬን ማየት ፈለጉ። አንድ ከባድ ጌም መርጬ፣ ሴቲንጉን በራሴ ኮምፒውተር ላይ አስተካክዬ፣ ሳይንገጫገጭ የሚሄድ ቪዲዮ መቅዳት አለብኝ። ምን እንደቀነስኩና ለምን እንደቀነስኩ በድምፄ ማስረዳት አለብኝ። እስከ አርብ። ከዚያ በፊት ለስንት ቦታ አመልክቼ እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ አልነበረም።

ለእናቴ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

"ታዲያ ይሄ ካሁን በኋላ መጫወቻ አይደለም። የሥራ ዕቃ ነው" አለች።

ወዲያው ክርና ኪሮሽ አወጣች። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ፣ ማይክሮዌቩ፣ ራውተሩ ሳይቀር ነጭ ዳንቴል ለብሰዋል። ለኮምፒውተሩ የሠራችው ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ከአናቱ ጀምሮ ዙሪያውን እስከ ወገቡ ይወርዳል። መሃሉ ላይ የወይን ዘለላ አለው። አቧራ እንዳይገባበትም በውስጥ በኩል ወፈር ያለ ነጭ ገበር ሰፋችለት። አልብሳው፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባዋን አስቀመጠችና ራቅ ብላ አየችው።

"አሁን ሰው መሰለ።"

ለቪዲዮው የመረጥኩት በጌሙ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ከባዱን ነው። ዝናብ የሚዘንብበት የድንጋይ ድልድይ፣ ከሥሩ ወንዝ፣ ከማዶ በሰው የተጨናነቀ ገበያ። በፈረስ ነው የሚሻገሩት። ቀደም ሲል ኮምፒውተሬ ይህን ቦታ ሳይቸገር ነበር የሚያልፈው። አሁን ግን ጥቂት ደቂቃ ሄዶ መንገጫገጭ ጀመረ። ፈረሱ እግሩን አንስቶ አየር ላይ ይቀራል።

ጥላውን ቀነስኩ። የውሃውን ነጸብራቅ ቀነስኩ። ጭጋጉን አጠፋሁ፣ የገበያተኛውን ብዛት አሳነስኩ። ጌሙ አስቀያሚ እየሆነ ሄደ እንጂ አልተስተካከለም። የካርዱን ሙቀት ሳይ ከልክ በላይ ነው። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ለውጥ የለም።

የጎን ሽፋኑን ፈትቼ አቧራ ጠረግሁ። ክፍት እንዳለ ብሞክረው ፈረሱ ድልድዩን ተሻገረ። የላላ ኬብል ነክቼ ያስተካከልኩ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። ዳንቴሉንም የወይን ዘለላው በትክክል መሃል ላይ እንዲውል አድርጌ መለስኩት። ፈረሱ እንደገና አየር ላይ ቀረ።

ይህን የሚያነብ ሰው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ግን እኛ ቤት ዳንቴል ዕቃ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ የዕቃው ቆዳ ነው። ቴሌቪዥናችን ያለ ዳንቴል ምን እንደሚመስል አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ስመረምር እሱን ጨርሶ አላየሁትም።

ረቡዕ ዕለት ካርዱ ሊሞት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ የሚገዛበት ገንዘብም ጊዜም የለም። ስልኬን ይዤ ብዙ ካመነታሁ በኋላ አቶ ተክሉ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ካርዱን የገዛሁት ልጅ ነኝ። ትቬይታ።"

"ሞተ እንዳትለኝ።"

"አልሞተም። ግን በጣም ይሞቃል።" ስለ ፕራክሲሱ፣ ስለ አርብ፣ የሞከርኩትን ሁሉ በተራ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ግድግዳ ተጠግቷል?"

"አይ፣ ራቅ ብሏል።"

"ላዩ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ?"

"ምንም የለም። ዳንቴል ብቻ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ማን ነው የሠራው?"

"እናቴ።"

"ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም አትንካ" አሉኝ።

ከሮምሶስ ትቬይታ ለመምጣት ከተማ ወርዶ፣ ባቡር ቀይሮ፣ እንደገና መውጣት ነው። ካርዱን ከሸጡልኝ ቆይተዋል፤ ምንም ግዴታ የለባቸውም። ቢሆንም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር በሩን የከፈተችው እሷ ናት።

"ይግቡ፣ ይግቡ። ጫማዎን ይተዉት።"

"ጫማ አውልቆ መግባት ካልለመድኩ እዚህ አገር ምን ተማርኩ?" አሉና አወለቁ።

ስክሪኑን የሚያዩ መስሎኝ ጌሙን ከፍቼ ነበር የጠበቅኳቸው። አላዩትም። በቀጥታ ኮምፒውተሩ ሥር ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ከጀርባው አስጠጉ። ከዚያ የዳንቴሉን ዳር በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው ገበሩን አዩና መልሰው ለቀቁት።

"ይሄን የሠሩት እርስዎ ነዎት?" አሏት እናቴን።

"ምን ሥራ ነው እሱ። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው።"

"እኔንስ የገረመኝ ገበሩ ነው። ስፌቱ አይታይም።"

"ገበር የሌለው ዳንቴል ወንፊት ነው" አለች እናቴ፣ ቀና ብላ።

ጋሽ ተክሉ ሳቁ። ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ እግራቸውን አጣጠፉ።

"እኔ የሠራሁትን ልንገርዎት። ልጄ እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ሲገዛ መስኮት ሥር ነበር ያስቀመጠው። ብርድ ነው። ይበርደዋል ብዬ ጃኬቴን አለበስኩት።"

"ጃኬት?"

"ይሄንኑ የሥራ ጃኬት። ዚፑንም ዘግቼ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ አየውና፣ 'አባዬ፣ ትራም ሊነዳ ነው?' አለኝ።"

እናቴ በሩን ተደግፋ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

"ለካስ በአናቱና በጀርባው ነው የሚተነፍሰው" ሲሉ ቀጠሉ። "እኛ የምናውቀው ዕቃ ሁሉ ሲሸፍኑት ነው የሚያምረው። ይሄ ብቻ ነው ራቁቱን ካልሆነ አልሠራም የሚል።"

የእናቴ ሳቅ ቀስ ብሎ ቆመ። ዳንቴሉን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"እኔ ነኛ ያፈንኩት። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቅ..."

ጋሽ ተክሉ ኮምፒውተሩን በጣታቸው ጠቆሙ።

"አላፈኑትም፤ አክብረውታል። ክብር የማያውቀው እሱ ነው።"

እናቴ አበባውን አነሳች። ዳንቴሉን ራሷ ገፈፈችና ክንዷ ላይ አድርጋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። በመጨረሻ የወንበሬ መደገፊያ ላይ አለበሰችው።

"እዚህስ? ይኼም ይተነፍሳል?"

"እዚህ የሚተነፍሰው ልጁ ነው። እሱ ደግሞ በፊቱ በኩል ነው" አሉ።

ጌሙን አስነሳሁ። ሙቀቱ ወረደ፤ ማራገቢያውም ጸጥ አለ። ፈረሱ ድልድዩን ተሻገረ። ጥላውን መለስኩ፣ አሁንም ተሻገረ። ጭጋጉንና የውሃውን ነጸብራቅ መለስኩ። ዝናቡ ወንዙ ላይ ሲያርፍ ክቡ አንድ በአንድ ይታያል። ከኋላዬ ሁለቱም ቆመው ያያሉ።

"ይሄ ሁሉ እዚያ ፎጣ ውስጥ ነበር?" አሉ ጋሽ ተክሉ።

"ፈረሱ አያርፍም እንዴ? ስንቴ ታመላልሰዋለህ?" አለች እናቴ።

ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ቪዲዮውን በዚያው ዕለት ቀዳሁ፤ አርብ ጠዋት ላክሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ሳያልቅ ፕራክሲሱ የእኔ መሆኑን ጻፉልኝ።

ችግር ከሌለውም ደውል ብለውኝ ስለነበር፣ ከእናቴ ቀጥሎ የነገርኩት ለእሳቸው ነው። በጣም ደስ አላቸው። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ዳንቴል ስልዎት አውቀው ነበር?"

"ወዲያው።"

"ታዲያ አንሳው ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ባልመጡ።"

"ታነሳው ነበራ!" አሉ። "ተጨንቀሃል፣ ቸኩለሃል። ገፍፈህ አልጋ ላይ ትወረውረዋለህ። እናትህ ከሥራ ስትገባ እዚያ ታገኘዋለች።" ከዚያ ቀጠሉ። "ያ የጃኬቱ ወሬ የፈጠራ ነው። ለልጃችን ኮምፒውተር ሚስቴ ዳንቴል ሠርታለት ነበር። ገፍፌ የጣልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ኪሮሽ አልነካችም።"

ልክ ናቸው፤ ራሴን አውቃለሁ፤ እወረውረው ነበር። ያን ሳምንት የሚያስጨንቀኝ ፕራክሲሱ ብቻ ነበር። ሌላም የማጣው ነገር እንደነበረ እሳቸው ባይመጡ ኖሮ አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ባታነበውም ደስ ይለኛል። ለገና ግን በራሷ ሐሳብ ለጋሽ ተክሉ ባለቤት አንድ ዳንቴል ሠርታ ሮምሶስ ወሰደችላቸው። የዚያን ዕለት ሁለቱ ሴቶች ስለ ክር ብቻ ሲያወሩ አመሹ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ግሮንላንድ ወደሚባለው የኦስሎ ሰፈር አብረው ሄዱ፤ እናቴ ክር የምትገዛበትን ሱቅ ልታሳያቸው። ሁለት ከረጢት ይዘው ወጡ አለችኝ፤ አንዱ የእሳቸው ነው።

አሁን ከሥራ መልስ ኮምፒውተሬ ፊት ስቀመጥ ማራገቢያው አንዳንዴ ይጮኻል። ድሮ ወዲያው ቁጥሩን ነበር የማየው። አሁንም አያለሁ፤ ግን መጀመሪያ ጀርባዬን የወይን ዘለላው ላይ አስደግፋለሁ።