ከሩቅ ያማረው የፎገራ ማሳ

በነሐሴ አጋማሽ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ የተነሣሁት ለሽርሽር አልነበረም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «መስከረም ላይ ትቀጥላለህ ወይስ ቦታህን ለሌላ ልስጥ?» ብለው እስከ ሰኞ ቀን ቆርጠውልኛል። እንዳወላውል ያደረገኝ ጓደኛዬ ሙሉቀን ነው። አብረን ስናስተምር ቆይተን፣ እሱ ሥራውን ለቆ ቁሐር ሚካኤል ላይ መሬት ተከራየና ሩዝ ዘራ። ከዚያ ወዲህ ፌስቡክ በከፈትኩ ቁጥር ከለምለም ማሳ መሃል ቆሞ ይስቅብኛል። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ! የጠመኔ ብናኝ የጠጣው ኮቴ እንኳ አስጠላኝ። እንግዲህ በዓይኔ አይቼ ልወስን ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ።

ሐሙሲት

ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። ከሐሙሲት ወዲያ ሜዳው ተከፈተ። በስተግራ ውሃ የተኛበት አረንጓዴ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል። ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ሄደ።

ወረታ

ሙሉቀን መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል።

«በል ጫማህን አውልቅ» አለኝ ከአስፋልቱ እንደወረድን። «ዛሬ ወንፈሉ የእኔ ነው። ጎረቤቶቼ አረም ሊያርሙልኝ ወጥተዋል፤ ነገ ደግሞ እኔ እወጣላቸዋለሁ።»

ቁሐር ሚካኤል

ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። ሰዎቹ በአንድ መስመር አጎንብሰው ያርማሉ። እኔም ተሰለፍኩ። ከሲታውን እየነቀልኩ ለምለሙን እየተውኩ ገሰገስኩ፤ የነቀልኩትንም ከፍ አድርጌ ለሙሉቀን አሳየሁት። እሱም በስልኩ ፎቶ አነሣኝ። ይኼኔ ጎረቤቱ ወይዘሮ ጥሩዬ ጮኹ፦

«ኧረ ተው ልጄ! የነቀልኸው ሩዙን እኮ ነው!»

«ይኼ የለመለመውስ?»

«እሱማ አረም ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሚያምረው እሱ ነው።»

ማሳው በሳቅ ተናጋ። ቀና ስል ጥጉ ላይ ያለችውን ግራር አየኋት። ፌስቡክ ላይ በለጠፈው ፎቶም ከሙሉቀን ጀርባ የቆመችው እሷው ናት።

«ፎቶህ ላይ ያለው ልምላሜ...?»

«አረም ነው» አለ ሙሉቀን። «ያን ሰሞን ወባ ጥሎኝ ማሳዬን አረም ዋጠው። ለፎቶ ግን አማረ።»

«ታዲያ አልጸጸተህም?»

«የለም፣ ጭቃውን ወድጄ ነው የገባሁበት። አንተ ግን ማስተማሩን ጠልተህ ነው ወይስ ፎቶዬን ወድደህ?»

ወደ መስመሬ ተመልሼ አጎነበስኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አረም ስነቅል ወገቤ ተቆረጠ። በልቤ የሚመላለሱት ግን ተማሪዎቼ ነበሩ፤ ክፍልፋይ የገባቸው ቀን «አገኘነው!» ብለው ክፍሉን ሲያናውጡት። ወገቤ መቆረጡ ካልቀረ ለእነሱ ይቆረጥ አልኩ።

«ፎቶህን ወድጄ ነው» አልኩት ከውሃው ስንወጣ።

ባሕር ዳር

በማግስቱ ቤቴ ገብቼ ፌስቡክ ስከፍት ሙሉቀን ያነሣኝን ፎቶ ለጥፎታል። ከሥሩ ባልደረቦቼ ተደርድረዋል፦ «ታድለህ!» «ከጠመኔ ተገላገልህ!» «ለእኛም መሬት ፈልግልን!» ፎቶው ላይ በኩራት ከፍ አድርጌ የያዝኩት የሙሉቀንን ሩዝ ነው።

የሰው ማሳ ከሩቅ ለምልሞ ባየሁ ቁጥር ከእንግዲህ ቀርቤ ሳላይ የራሴን አልንቅም። ስቄ ሲወጣልኝ ለርእሰ መምህሩ ደወልኩ።

«ክፍሌን ለማንም እንዳይሰጡብኝ» አልኳቸው።