ሕማማት በጣሊያን ባቡር

ከፍራንክፈርት የተነሳነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አራት ነን፤ እማዬ፣ አባዬ፣ ታናሽ እህቴ ሊዲያና እኔ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፣ በሚቀጥለው ወር ሙኒክ ሥራ እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ላይ ጣሊያንን በባቡር እንይ ያልኩት እኔ ነኝ። ሚላኖ፣ ፍሎረንስ፣ መጨረሻ ላይ ሮም። ሮም ለመሄድ ስመኝ ነው የኖርኩት።

እቅዱ የተበላሸው ግን ገና ጥር ላይ ነው። ለእማዬ «ለፋሲካ ጣሊያን እንሄዳለን» አልኳት። «ጥሩ፣ ስጋ እየበላሁ እዞራለሁ» አለች። እኔ ፋሲካ ስል የሊዲያ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን የጀርመኖቹን ኦስተርን ማለቴ ነው። እሷ የኛን ሰማች። ዘንድሮ የኛ ፋሲካ ከነሱ በሳምንት ይዘገያል። የቆረጥኩት ቲኬት ሰሙነ ሕማማት ላይ ዱብ አለ። የማይመለስ ቲኬት ነው።

«ስቅለትን ሆቴል አልውልም» አለች እማዬ። «ፍሎረንስ ድረስ እመጣለሁ፣ ሐሙስ ብቻዬን እመለሳለሁ።»

«ሁለት ጊዜ ባቡር መቀየር አለ እኮ።»

«ከአዲስ አበባ ስመጣ ማን ቀየረልኝ?»

በቃ፣ በዚህ ተስማምተን ወጣን።

ማክሰኞ፣ ወደ ሚላኖ

ከስዊዘርላንዷ ባዝል በኋላ ተራራው ሁሉ በረዶ ነው። ረጅም ዋሻ ገብተን ትንሽ ቆይተን ስንወጣ ሐይቅ ዳር የዘንባባ ዛፍ አየን። ሊዲያ ስልኳን አስቀመጠች፤ እሷ ስልክ ካስቀመጠች አገሩ ያምራል ማለት ነው። ሦስታችን ሳንድዊች ስንበላ እማዬ መስኮቱን ታያለች። በሕማማት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አትቀምስም።

ሚላኖ ጣቢያ አባዬ ማኪያቶ አዘዘ። ቆሞ ለጠጣ አንድ ዩሮ ከምናምን ነው፣ ለተቀመጠ እጥፍ። ስኒውን አየና «ይሄ ማኪያቶ ነው ወይስ ቅምሻ?» አለ። አዲስ አበባ ማኪያቶ ማለት ወተት ነው፤ እዚህ ጠብታ ናት።

ረቡዕ፣ ፍሎረንስ

ሚላኖ ሆቴል ጠዋት እማዬ ስትሰግድ ከእንግዳ መቀበያው ተደወለ። ከኛ በታች ያሉት እንግዶች «ከላይ ስፖርት የሚሠራ ሰው አለ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

«ምን ልበላቸው?» አልኩ።

«አለ በያቸው» አለ አባዬ። «እስከ ዓርብ ነው።»

ፍሎረንስ ላይ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። እማዬ መብላት የምትችለው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፣ የምግብ ቤቶቹ ማብሰያ ደግሞ ልክ በዚያው ሰዓት ይዘጋል። ሦስት ቤት ጠየቅን፣ ሦስቱም እስከ ማታ የለም አሉ። እኔ ተናድጃለሁ፣ ሊዲያ በጀርመንኛ እየተነጫነጨች ነው፣ እማዬ ግን ቀና ብላ የአንድ ሱቅ ጽሑፍ ታነባለች።

«ፉርኖ ይላል» አለችና ገባች።

ውስጥ ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ አለ። እማዬ ሁለት ጣቷን አነሳች። «ሁለት ፉርኖ።»

ሰውየው ወደ ኋላ ዞሮ ምድጃውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። በነሱ ቋንቋ ፉርኖ ምድጃው ነው፤ እኛ ነን ዳቦውን እንደዚያ የምንለው። «እማዬ፣ ሁለት ምድጃ እኮ ነው የጠየቅሽው» ስላት ሳቀች፣ ሰውየውም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ። ዘይት የጠገበ ጠፍጣፋ ዳቦ ጠቀለለላት። ደጁ ላይ ቆማ በላችው። በሄድንበት ሁሉ እንደዚያ ደስ ብሏት ስትበላ አላየኋትም።

ሐሙስ፣ ጣቢያው

የሷ ባቡርና የኛ የሮም ባቡር የሚነሱት ተቀራርበው ነው። ተሰነባበትን። ዞር ስል የሷ መስመር ተቀይሯል የሚል ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ ወጣ። እማዬ አላየችውም። ቦርሳዋን እየጎተተች ወደ ድሮው መስመር ሄደች፣ እዚያ አንዱን ሰው በጀርመንኛ ጠየቀች። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። ሌላ ሰው ጠየቀች።

ልጠራት እችል ነበር። አባዬን «እናንተ ሂዱ» አልኩትና ሮጥኩ።

ወደ አዲሱ መስመር ወስጄ አሳፈርኳት፣ እኔም ተከትዬ ገባሁ። አጠገቧ ቁጭ ስል «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለች።

«ወደ ቤት እሄዳለሁ።»

«ሮምሽስ?»

«ቆጭቶኛል» አልኩ። እውነቴን ነው። ሚላኖ ላይ የመጀመሪያውን ቅያሪ እኔ መራኋት። ስዊዘርላንድ ስንደርስ ግን ሁለተኛውን ቅያሪ ራሷ ቀድማ አገኘችው። ቦርሳዬን ሳይቀር ይዛልኝ ነበር።

ዓርብ፣ ፍራንክፈርት

ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ዋልን። እኔ ግማሹን ሰገድኩ፣ ጉልበቴ አልቻለም። ማታ በምድር ውስጡ ባቡር፣ በኡ-ባን፣ ወደ ሰፈራችን ኖርድቬስትሽታት ስንመለስ አባዬ ከሮም በቪዲዮ ደወለ፤ ከኋላው ያ ትልቁ ክብ ግንብ አለ። እማዬ ስልኩን አስጠግታ አየችው።

«ይሄ ነው ያስለቀሰሽ? ፈርሶ የለ እንዴ?»

«አላለቀስኩም።»

«ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም» አለች። «ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ያኔ ነው መሄድ የነበረብን።»

ለወራት ካርታና ሰዓት ሳገላብጥ ይሄን አንዴም አልጠየቅኳትም። ጉዞው ያስተማረኝ ይኸው ነው፤ አብሮኝ የሚሄደውን ሰው ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ሙኒክ ቅዳሜ እረፍት ይሰጡሻል?» አለች።

«ይሰጡኛል።»

«እንግዲያው ከዚያ ሮም ውሰጂኝ። ከሙኒክ ይቀርባል፣ አይቼዋለሁ።»