በአንደኛ ማርሽ

ፈዬራ በዕድሜው የተማረው ጀርመንኛ አንድ አባባል ብቻ ነው። እሱንም የተማረው ትንሿን ጣቱን ሰጥቶ ነው።

ሰውየው ተወልዶ ያደገው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አባቱ ገብስ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ከተማው እየገፋ መጥቶ መሬቱን ሲውጠው የገበሬው ልጅ መንጃ ፈቃድ አወጣና ቀበና አካባቢ በነበረ የጀርመን ሚሲዮን ክሊኒክ ሾፌር ሆኖ ተቀጠረ። ሲበዛ ችኩል ነበር። ጉርሻ ሳያኝክ ይውጣል፣ ጸሎት ቤት "አሜን" ሳይባል ይወጣል። ሚስቱ ጫልቱን ወልዳ የሞተች ጊዜ እንኳ መቃብሩ ላይ ፓስተሩን "ያሳጥሩት" ብሏቸዋል። ሰፈርተኛው እንደ ጉድ አማው። እሱ ግን ቶሎ ካላለቀ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚወድቅ መስሎት ነው፤ ይህን ማን ይረዳለታል!

አንድ ቀን እንጦጦ ዳገት ላይ የክሊኒኩ ላንድሮቨር ጎማ ፈነዳ። አብሮት የነበረው የክሊኒኩ ኃላፊ ሄር ክሌም የሚባል ሽማግሌ ነርስ ነው። ሽማግሌው ከመኪናው እስኪወርድ ፈዬራ ክሪኩን አስገብቶ፣ ጎማው ሥር ታኮ ሳያደርግ ብሎኑን መፍታት ጀምሯል። መኪናዋ ተንሸራተተች። ክሪኩ አመለጠና የግራ እጁ ትንሽ ጣት ብረትና ድንጋይ መካከል ገብታ ደቀቀች። ሄር ክሌም የሕክምና ሣጥኑን አወጣ፣ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥላ የቀረችውን ጣት በመቀስ ቆረጠ፣ አጥቦ አሰረለት። ከዚያ ሣር ላይ አስቀምጦ ከፔርሙስ ሻይ ቀዳለት። ታኮ ፈልጎ ጎማውን የቀየረው ሻዩ ካለቀ በኋላ ነው።

"ኢመር ሚት ዴር ሩሄ፣ ፈዬራ" አለው።

"ምንድን ነው የሚሉኝ?" አለ ፈዬራ፤ ሕመሙም ንዴቱም አንድ ላይ ሆነውበት።

"ሁልጊዜ በእርጋታ ማለት ነው። እኛ አገር ሰው ሲቸኩል እንዲህ ይባላል።"

"ታዲያ ጣቴ ሳይቆረጥ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"መች ለመናገር ጊዜ ሰጠኸኝ" አለ ሽማግሌው።

ቁልቁለቱን ሽማግሌው ራሱ ነዳ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ሳይነካ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ እስከ ታች ወረዱ። ፍሬን ሲጨንቀው ይቃጠላል፣ ሞተሩ ግን ይይዝሃል ብሎ አስረዳው። ፈዬራ ያን ቀን የታዘበውን አልረሳም። ከዚያ ወዲያ ጫማውን ሲያስር እንኳ "ኢመር ሚት ዴር ሩሄ" ማለት ጀመረ። ሰፈሩም አይለቅ፣ "ኢመር" ብሎ ስም አወጣለት። ስሙን ያወጣው ጎረቤቱ ከበበ ነው። የከበበን ሚስት ምጥ ይዟት ፈዬራ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዳት ከበበ ከኋላ ሆኖ "ጋሽ ፈዬራ፣ በእናትዎ ይፍጠኑ" እያለ ሲለምነው፣ እሱ ጉድጓዱን ሁሉ እየመረጠ፣ "ኢመር ሚት ዴር ሩሄ" እያለ ነው ያደረሳት። ልጅቱ በሰላም ተወለደች። ከበበ ወሬውን ለዓመት አወራው።

ከዚያ ደርግ መጣ። ጀርመኖቹ አገራቸው ገቡ፣ ክሊኒኩ ተዘጋ፣ ላንድሮቨሯ ለቀበሌው ተወረሰች፣ ሾፌሩም አብሮ የተወረሰ ያህል እዚያው ቀጠለ። ከበበ የአብዮት ጥበቃ ጓድ መሪ ሆኖ ሽጉጥ ታጠቀ። "ጋሽ ፈዬራ" ቀርቶ "አንተ" ሆነ። ቀይ ሽብር ሲታወጅ በሽተኛ ታመላልስ የነበረችው መኪና ሬሳ ትለቅም ጀመር። ጠዋት ጠዋት ከሲግናል እስከ ቀበና ድልድይ፣ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ የተጣሉትን ልጆች ፈዬራ ይሰበስባል፤ እናት ቆማ እያየች ማልቀስ አይፈቀድላትም። ከሰዓት በባልዲ ውሃ የመኪናዋን ወለል ያጥባል። ከሳንቃው ስንጥቅ የገባው ደም ግን አይወጣም። ነገር ዓለሙ አስጠልቶት ነበር፤ ሥራውን ቢተው ግን በማግስቱ ራሱ እዚያች ወለል ላይ እንደሚጋደም ያውቃል።

አንድ ጠዋት ድልድዩ ሥር አንዲት ልጅ ገልብጦ አየ። አስካለች ናት፤ የልጁ የጫልቱ ጓደኛ፣ እሱ ቤት ስንት ቀን ራት የበላች። የእጆቿ ጥፍሮች ተነቅለዋል። ፈዬራ ጥፍሮቹን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ይህን ያህል የተደረገባት ልጅ ተናግራለች። ጫልቱና አስካለች ወረቀት አብረው ነው የሚበትኑት። ቀጥላ የምትያዘው ልጁ ናት።

የድሮው ፈዬራ ቢሆን መኪናዋን እዚያው ጥሎ ይሮጥ ነበር። ሁለት ጠባቂዎች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ቢሮጥ በጀርባው ይተኩሱበታል፣ ቀጥለውም ቤቱ ይሄዳሉ። አስካለችን አንስቶ አስተኛት፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበላት፣ የቀረውን መንገድ ጨረሰ፣ መኪናዋን መለሰ፣ ቁልፉን አስረከበ። ቤቱ እስኪደርስ ሰው ሰላም እያለ ሄደ።

ጫልቱ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ወሬው ደርሷታል።

"አባዬ፣ በመገናኛ በኩል ልሮጥ ነው፤ አውቶቡስ ካገኘሁ" አለች።

"አትሮጪም። ጂቱን ጥሪያት።"

ጂቱ የፈዬራ እህት ናት፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እየለቀመች ሲግናል የምትሸጥ። ሥራ ስላለባት ብዙ አታወራም። የራሷን ቀሚስ ለጫልቱ አለበሰቻት፣ ገመድ ወገቧ ላይ ጠመጠመችላት፣ ጫማዋን አስወለቀቻት። እንጨት ለቃሚ ባዶ እግሯን ናት። ሄዳ ሄዳ የሚያጋልጣት ግን አረማመዷ መሆኑን ነገረቻት፤ ተማሪ ዳገት ሲያይ ይፈጥናል፣ እንጨት ለቃሚ ስትወጣ ጉልበቷን ለመመለሻው ስለምትቆጥብ እየተጎተተች ነው የምትሄደው። ከኋላሽ ቢተኮስ እንኳ እርምጃሽን እንዳትለውጪ አለቻት። ጀምበር ሳትጠልቅ ጋራውን ካለፉ ሱሉልታ ዘመድ አለ። ጋራው ላይ ከተያዙ ሁለቱም አለቀላቸው።

ጫልቱ አባቷን አቀፈችው።

"በል እንግዲህ ያቺን ነገርህን በላት" አለች።

"ኢመር ሚት ዴር ሩሄ" አላት። ትንሽ ሳቀችና ወጣች። ፈዬራ ዳገቱ ላይ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር እስኪቀላቀሉ በበሩ ስንጥቅ አያቸው። ልጁ እግሯን እየጎተተች ነበር።

ከበበ የመጣው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ገና ሲገባ ጫማውን አየ። ፈዬራ ያንን ሁሉ ሲረጋጋ የልጁን ጫማ አልጋው ሥር መደበቅ ስለረሳ፣ ጫማው በሩ ጋ ተደርድሮ ተቀምጧል። ሌላ ጫማ እንደሌላት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

"እዚሁ ናት" አለ ከበበ። ባዶ እግሯን መንገድ የምትወጣ ተማሪ አይቶ አያውቅምና። ኮርኒሱን በሳንጃ ቀደዱት፣ ወለሉን በዶማ ቆፈሩት፣ ግድግዳውን ደረመሱት፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ወረወሩ። ፈዬራን መሬት አስተኝተው አንዱ አንገቱን ረግጦ ይዞታል። ቤቱ በፊቱ ሲፈርስ ጊዜ ማግኘቱን እያሰበ በልቡ ይጸልያል።

ሲያጧት ቀበሌ ወሰዱት። እጁን ከጉልበቱ ጋር አስረው፣ በመሐል እንጨት አሳልፈው፣ ሁለት ጠረጴዛ መካከል ዘቅዝቀው ሰቀሉት። ወፌ ላላ የሚሉት ይህ ነው። አፉ ውስጥ በደም የጨቀየ ጨርቅ ጠቀጠቁበትና ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉት ጀመር። መጀመሪያ ቆዳው አበጠ፣ ከዚያ ፈነዳ፣ ከዚያ ገመዱ ሥጋ ይዞ መነሳት ጀመረ። ጨርቁን ሲያወጡለት ይጮኻል፤ መልሰው ይጠቀጥቁታል።

"የት ናት? ቶሎ በል!" ይላል ከበበ። የቀበሌው የበላይ የሆነው ከፍተኛ ልጅቱን እስከ ማታ አምጣ ብሎታል፤ ካላመጣ ለራሱም ያሰጋዋል።

ፈዬራ አንድ ነገር ወሰነ። ሳይናገር የሚችል መስሎ አልታየውም፤ ሥጋ ነው። እንደ እንጦጦው ቁልቁለት ቀስ ብሎ ግን መውረድ ይችላል። ለመጀመሪያው ውሸት ብዙ ግርፋት ጠበቀ፤ ቶሎ ቢናገር አያምኑትማ። ከዚያ "ሲግናል፣ ዳቦ ቤቱ ጀርባ" አለ። ሄዱ፣ አጡ፣ ተመልሰው ገረፉት። ደግሞ ጠበቀ። "የካ ሚካኤል፣ አጸዱ ውስጥ።" ሄዱ፣ አጡ። ሲመለሱ ሁለት ጥርሱን በሽጉጥ እጀታ አራገፉለት። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ከበበ ደክሞት ላቡን ሲጠርግ ዓይኑ የተገረፈው እግር ላይ ቀረ።

"ባዶ እግሯን ነው የሄደችው" አለ። "እህትህ እንጨት አይደል የምታመላልሰው?"

ፈዬራ ሞት ምን እንደሚመስል ያኔ አወቀ። ጀምበር ገና አልጠለቀችም፤ ከበበ አሁን ሁለት ሰው ወደ ጋራው ቢልክ ሴቶቹን ከአናቱ በታች ያገኛቸዋል።

"ማባዣ ማሽኑ" አለ ፈዬራ በተሰበረ አፉ። "ክሊኒኩ ወለል ሥር ነው። እሷም እዚያው ናት። ብቻዋን አይደለችም፣ መሣሪያ አላቸው።"

ማባዣ ማሽን! የወረቀቱ ሁሉ ምንጭ። ከበበ ጋራውን ረሳው። ያሉትን ጠባቂዎች በሙሉ ላንድሮቨሯ ላይ ጫነ፤ መንዳት የሚችል ግን አንድም የለም። ፈዬራን ከእንጨቱ አውርደው መሪው ጋ ጣሉት።

ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ዓይኑ ጨለመ። ፔዳሉ ጥርሱን ሥጋው ውስጥ ቀበረ፣ ደሙ አሟለጨው። አንደኛ አስገባና እዚያው ተወው። መኪናዋ እያጉረመረመች በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳትፈጥን ወደ ቀበና ተጓዘች። በቀኝ በኩል እንጦጦ ይታያል፣ ፀሐይዋ አናቱን ብቻ ይዛለች።

ከበበ ሽጉጡን ጆሮው ላይ ደገነ። "ማርሽ ቀይር!"

"ለመቀየር መርገጥ አለብኝ። እግሬን ያበላሸኸው አንተው ነህ። ግደለኝና ገፍታችሁ ውሰዷት።"

ከበበ በሽጉጡ ጉንጩን ተረተረው። ፈዬራ ደሙን ዋጠና ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "ኢመር ሚት ዴር ሩሄ" አለ። ከበበ ይህን ቃል ሲሰማ ሽጉጡን ዝቅ አደረገ። ሚስቱን አስታውሶ ይሁን ተናድዶ፣ እሱ ያውቃል።

ክሊኒኩ ደረሱ። በሩን ሰበሩ፣ ሳንቃውን አንድ በአንድ ነቀሉት። ከአንድ የተሰበረ አልጋና ከአይጥ በቀር ምንም የለም። ሲወጡ ጋራው ጨልሟል። ፈዬራ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንን ጨለማ እያየ ያለቅስ ነበር፣ ከደስታ።

ከበበ አልተሳደበም። ጎትቶ አወረደውና እግሮቹን የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ዘርግቶ በጠባቂ ጠመንጃ ሰደፍ ሰባበራቸው። ያልገደለው ልጅቱ ለአባቷ ስትል ትመለሳለች ብሎ ነው። ስለዚህ ወደ ከፍተኛው ላከውና ዓመታት ታሰረ። በመካከሉ ከበበን የገዛ አለቆቹ ወሰዱት፤ ሰፈሩም የት ደረሰ አላለም።

ጫልቱ ግን አልተመለሰችም፣ ምክንያቱም አላወቀችም። ከበበ እስኪወሰድ ሱሉልታ የቆየችው ጂቱ፣ ከዚያ ወዲያ ጋራውን እየተሻገረች ወሬ ስታመላልስ፣ ጫልቱ በጠየቀቻት ቁጥር "አባትሽ ደህና ነው፣ እንደ ልማዱ ቀስ እያለ ይኖራል" ትላት ነበር። ነገሩ በረድ ብሎ ጫልቱ ወደ የካ ስትወርድ ፈዬራ ከተፈታ ቆይቷል። ከጸሎት ቤት ወደ ቤቱ የሚሄደው ግድግዳ እየተደገፈ ነው። አዲስ የመጡ ጎረምሶች "ኢመር ሽማግሌው፣ ጀርመን ሆኖ ቀረ" እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ጫልቱም ከሩቅ አይታው ሳቀች። "አባዬ፣ ዛሬም አልፈጠንክም?" ብላ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የእሷ እግር ሻክሮ፣ ተረከዙ ተሰንጥቆ የእንጨት ለቃሚ እግር ሆኗል።

ቤት ገብተው ውሃ አሞቀችና እግሩን ልታጥብ ቁጭ አለች። ፈዬራ እግሩን ሰበሰበ። "ደክሞሻል፣ ነገ ይሁን" አለ። አልሰማችውም። ካልሲውን ስባ አወለቀችው። ጣቶቹ ተጣጥፈው ተጣብቀዋል፣ ውስጥ እግሩ ሙሉ ጠባሳ ሆኗል።

"መቼ ነው?" አለች።

"ዳገቱን ስትወጪ።"

ጫልቱ ሳፋውን ገፍታ ልትነሳ ስትል ውሃው ተንቦጫረቀ። ፈዬራ ትከሻዋን ያዘ።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ውሃው ይፈስሳል" አላት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ እያለቀሰች፣ ጣት በጣት፣ ውሃው እስኪበርድ አጠበችው።