ሚስተር አሌክስ የቀበረው ልጅ

አብደል አዚዝ ሰባ ሊደፍን ጥቂት የቀረው አስጎብኚ ነው። እስክንድርያ ወደብ በር ላይ ግን አብደል አዚዝ የሚባል ሰው የለም፤ ያለው ሚስተር አሌክስ ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ፈረንጅ እውነተኛ ስሙን ለመጥራት ሲታገል ማየት ሰልችቶት። ስምንት ቋንቋ ይናገራል፤ ስምንቱንም እየሰባበረ። ግሪክኛውን ብቻ ደህና አድርጎ ይዞታል፤ ልጅ እያለ ደረጃ ላይ ሲጫወት የለመደው ነው።

የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት። የሰበረችው ኤቫ የምትባል፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖር የግሪክ ልጅ ናት፤ በር ዘግታበት። አዚዝ የዚያ ሕንፃ ዘበኛ ልጅ ነበር። ይህችው ልጅ ቤተሰቧ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ፣ ከብዮቹ ሁሉ የሚወደውን ሰማያዊውን ብይ ይዛበት ሄዳለች። «ጣቴን ሰበረች፣ ብዬን ሰረቀች፣ ሄደች!» እያለ ለሚስቱ ለነጃት ትዳራቸውን ሙሉ ሲያማርር ኖሯል። ነጃትም ሾርባ እያማሰለች «አላህ ይክፈላት» ትለዋለች፤ ምን ታድርግ።

ለጎብኚ ግን ጣቷ የጦርነት ቁስል ናት። በየትኛው ጦርነት? እሱ እንደ ጎብኚው አገር ይለያያል።

ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ይህን ልንገራችሁ። ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ድሮ እዚህ ተወልደው የሄዱ ሰዎች አርጅተው በመዝናኛ መርከብ ይመጡና «የተወለድኩበትን ቤት አሳየኝ» ይሉታል። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ በቦታው የጫማ መደብር ቆሟል። ታዲያ ሽማግሌውን የጫማ መደብር ፊት አቁሞ ማስለቀስ ደግ ነው? አዚዝ አታሪን ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ኢንሳፍ ቤት ይወስዳቸዋል። ኢንሳፍ ባሏ የሞተባት፣ እንባዋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። ሎሚ ጨምቃ ትጠብቃለች፣ እንግዶቹን አቅፋ አብራቸው ታለቅሳለች። በዚያች በሁለት ክፍል ቤት አንድ ጣሊያናዊ የጥርስ ሐኪም፣ ሁለት አርመን እህትማማቾችና አንዲት የማልታ መነኩሲት ተወልደውባታል። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት፤ አንድም ቅሬታ አልመጣም።

እንግዲህ ባለፈው ጸደይ አንድ ጠዋት ከመርከብ የወረደ አንድ ቤተሰብ ደረሰው። ምርኩዝ የያዘች አሮጊት፣ ሌፍቴሪስ የሚባል ወፍራም ልጇ፣ ዳናኢ የምትባል፣ ዓይኗን ከስልኳ የማትነቅል የልጅ ልጇ። አሮጊቷ እየሳቀች ኤቫንቲያ እባላለሁ አለችና ባረጀ ያረጀ የእስክንድርያ ዓረብኛ አድራሻ ነገረችው። ኢብራሂሚያ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

አዚዝ ይህን አድራሻ ያውቀዋል። ሕንፃው አልፈረሰም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚኖረው እሱ ራሱ ነው።

እነ ኤቫ የሄዱ ዕለት አባቱ ቤተሰቡን ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል አውጥቶ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይዞ ወጣ፤ ያው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ኪራዩን ለወኪል ነው የሚከፍለው፤ ባለቤቱን አይቶት አያውቅም፤ የድሮ ኪራይ ስለሆነ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት አይበቃም። ከዚያ ቤት ቢወጣ የሚገባበት ጉድጓድ እንኳ የለውም። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ ሕንፃውን «የግሪኮቹ ቤት» ነው የሚለው። ኢብራሂሚያ ውስጥ አድራሻ ይዞ የመጣ ፈረንጅ ማለት ቤት ሊቀማ የመጣ ነው። ቤቱን የተቀማ ሰው በዓይኑ ያየ የለም፤ ግን የሚያውቀው ሰው አማች ቤት እንደተወሰደ የማይምል የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ኤቫ!» ብሎ ያቅፋት ነበር። አዚዝም በአንድ ዓይኑ ያቺን ቀጫጫ ልጅ አይቷታል፤ ሳቋ አልተለወጠም። በሌላው ዓይኑ ግን አልጋውንና ቁምሳጥኑን መንገድ ላይ ተጥለው አያቸው። ቤቱ አሸነፈ።

«ጣትህን ምን አገኘህ፣ ወንድሜ?» አለችው አሮጊቷ፣ እጁን ትኩር ብላ እያየች።

«ጦርነት ነው ማዳም» አለ ሳያስበው። «ሲና በረሃ ላይ።»

ለልጇ ተረጎመችለት። ሌፍቴሪስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ «ጀግና ነህ» አለው።

አዚዝ መኪና ላምጣ ብሎ ፈንጠር አለና ወደ ቤቱ ደወለ።

«ነጃት፣ መጡ!»

«እነማን?»

«የቤቱ ባለቤቶች! ግሪኮቹ! መስኮቱን ዝጊ፣ ልብሱን ከገመድ አውርጂ፣ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ!»

«ውይ በሞትኩት! ፍሪጁን በሩ ላይ ላስደግፈው?»

«አስደግፊው!»

ሹፌሩ ሸሃታ የእሱ ጎረቤት ነው፤ አድራሻውን ሲሰማ ቅንድቡ ተሰቀለ። «ሐጂ፣ ይሄ ያንተ ቤት አይደለም እንዴ?»

«አፍህን ዝጋና ወደ ኢንሳፍ ንዳ።»

«ደግሞ ዛሬም ኢንሳፍ ቤት ሊወለዱ ነው? ሴትዮዋ እኮ ማዋለጃ ክፈቺ ብትባል ይሻላታል!»

«ንዳ አልኩህ፣ አንተ ለፍላፊ!»

ምሽጉንም፣ ትልቁን የድንጋይ ዓምድም ሮጥ ሮጥ እያለ አሳያቸው። አሮጊቷ ለዓምዱ ደንታ አልነበራትም። «ድንጋይ የትም አለ» አለች፤ «እኔ ቤቴን ነው።» ኢንሳፍ በር ላይ ሻርፗን ተከናንባ ጠበቀቻቸው፤ «እናንተ ናችሁ? ስንት ዘመን ስጠብቃችሁ!» ብላ ተጠመጠመችባቸው። ሥራዋን ታውቃለች።

ኤቫንቲያ ግን አላለቀሰችም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆመች።

«ደረጃው በግራ በኩል ነበር።»

«ታድሶ ነው ማዳም።»

«የወለሉ ንጣፍ ጥቁርና ነጭ ነበር።»

«ተቀይሯል።»

«ከመስኮቱ ባሕሩ ይታይ ነበር።»

«ባሕሩን... ፎቅ ጋረደው።»

አሮጊቷ ወንበሩ ላይ ዝግ ብላ ተቀመጠች። «ሌፍቴሪ፣ ዶክተሩ እውነቱን ነው። ጭንቅላቴ ሄዷል። አንድም ነገር አላስታውስም።» ዳናኢ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን አስቀምጣ የአያቷን ጀርባ አሸት አሸት አደረገች። አዚዝ ወደ ጣሪያው አየ። እውነቱን ሊነግራት ቃጣው፤ ቤቱን አሰበና ተወው።

«የዘበኛው ቤተሰብስ?» አለች ኤቫንቲያ። «ዘይነብ የምትባል ሚስት ነበረችው። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ አቅፋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስንሄድ እናቴ ቁልፉን ለሷ ነው የሰጠችው፤ ግቡበት፣ አደራ ብላ። ትንሽ ልጅም ነበራት፣ ዚዞ የምንለው። የመጣሁት ለነሱ ነው። የት ይገኛሉ?»

ዘይነብ እናቱ ናት። ዚዞ እሱ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ዚዞ ብሎ የጠራው ሰው የለም። እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። ግን ዚዞ ከተገኘ ቤቱም ይገኛል፤ ይህንንም በዚያው ቅጽበት አሰበ።

«ዘይነብ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማርና» አለ።

«ዚዞስ?»

«እሱም... ሞቷል። ገና በልጅነቱ። ባሕር ወሰደው።»

ለምን ባሕር አለ? በሽታ ቢል ምን ነበረበት? አፉ ላይ የመጣለት ባሕር ሆነ፤ ለማሳመር ብሎ «እዚያ ከኢብራሂሚያ በታች፣ ድንጋዮቹ ጋ» ሲል ጨመረ። ለማሳመር መጨመር ደግሞ የቆየ ልማዱ ነው።

አሮጊቷ ያወጣችው ድምፅ ለቅሶ አይባልም። ኢንሳፍ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ አመለጠ። አዚዝን በክርኑ ይዛ ወደ ማድ ቤት ጎተተችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው ያደረግከው? ይሄ እኮ እኛ የለመድነው ለቅሶ አይደለም!»

«ዝም በይ ኢንሳፍ፣ ቤቴ ነው!»

«ቤትህ ይንደድ!» አለችው፤ የዚያን ቀን የእሷም እንባ የእውነት ነበር።

ኤቫንቲያ ወደ ድንጋዮቹ ውሰዱኝ አለች። ምሳም አልበላ አሉ። መኪናው ውስጥ ከቦርሳዋ የመሐረብ ቋጠሮ አውጥታ ፈታች። ሰማያዊ ብይ።

«የሄድን ዕለት እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው» አለች። «እንባው እየወረደ፣ ስትመለሺ ታመጪልኛለሽ አለኝ። በር ዘግቼ ጣቱን የሰበርኩትን እንኳ ለእናቱ አልተናገረብኝም፤ ወድቄ ነው አለ፣ ለኔ ሲል። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።»

አዚዝ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ ብዩን አየው። አስታወሰ። አልሰረቀችውም፤ ሰጥቷት ነው። ከዚያ በረንዳው ላይ ሆኖ መንገዱን ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ስትቀር ሌባ አደረጋት። ይህንን ሁሉ ዘመን በነጃት ሾርባ ላይ ሲረግማት የኖረው ስለናፈቀችው ነው። ሸሃታ በጎን እያየው «ሐጂ፣ በአላህ ንገራት» ብሎ አንሾካሾከ። አዚዝ በእምቢታ አንገቱን ነቀነቀ።

ባሕሩ ዳር ደረሱ። ከዚያ ሆኖ ቀና ላለ ሰው የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ይታያል፤ ነጃት አንድ ሳይቀር ዘግታዋለች።

«ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለች ኤቫንቲያ። «ውኃ ይፈራ ነበር። አይዞህ፣ ምንም አትሆንም ብዬ እጁን ይዤ የጎተትኩት እኔ። ባልጎትተው ይኖር ነበር እኮ!»

«ማዳም፣ አይደለም...» አለ አዚዝ።

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ወንድሜ!» አለችና ብዩን ስማ ወረወረችው። ጠብ ያለበት ቦታ እንኳ አልታየም።

ወደ ወደቡ ሲመለሱ ሌፍቴሪስ እናቱን ለማስረሳት ብሎ ወሬ አመጣ። «ግን እማ፣ ያ ሕንፃ የአያቴ ነበር እንዴ? ብንጠይቅ አንድ ነገር ይሰጡን ይሆን?»

«የምን የአያትህ! ተከራይ ነበርን» አለች አሮጊቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ባለቤቱ ካይሮ የሚኖር፣ ፊቱን አይተነው የማናውቅ ሰው ነው። አባቴ ወር በመጣ ቁጥር ይረግመው ነበር።»

ሸሃታ ፍሬን ያዘ። አዚዝ ዓይኑን ጨፈነ። ተከራይ! ጠዋት ይህችን አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? ወይስ እሱ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ? ቱ! እኔ እንኳ ይህን ስነግራችሁ ይቆጨኛል።

ወደቡ በር ላይ መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ። ሰዎቹ ከመኪና ሲወርዱ አዚዝ ፊታቸው ቆመ።

«ኤቫ» አለ። «እኔ ነኝ። ዚዞ ነኝ፣ ኤቫ። አልሞትኩም።»

ሌፍቴሪስ ደሙ ፈላ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ቀኑን ሙሉ ያስለቀስካት አይበቃም?»

«እናቴ ዘይነብ ናት! ብዩ ሰማያዊ ነው!»

«አሁን መኪና ውስጥ ስትነግረን ሰማህ እኮ» አለች ዳናኢ።

«ቤቱ ያ አይደለም! ደረጃው በግራ ነው፣ ወለሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ባሕሩ ይታያል!»

«እሱንም ነግራሃለች።»

አዚዝ ግራ እጁን ዘረጋ። «ጣቴ! ጣቴን እዪ፣ አንቺ ነሽ የሰበርሽው!»

ኤቫንቲያ እጁን ያዘች። ጠማማዋን ጣት በሁለት ጣቷ ይዛ ዳሰሰቻት፤ ቀና ብላ ፊቱን ፈለገች።

«እማ፣ ጦርነት ላይ ነው ብሎን አልነበር?» አለ ሌፍቴሪስ።

ቀስ ብላ ጣቱን ለቀቀች። «አዎ» አለች። «ዚዞ ቢሆን እንዲህ አይልም። ያ ልጅ ለራሱ ብሎ ዋሽቶ አያውቅም።» ከዚያ ጉንጩን መታ መታ አደረገችው። «አዝነህልኝ እንደሆነ ይገባኛል፣ ወንድሜ። አልቀየምህም። አንተ ደግ ሰው ነህ።»

ልጇና የልጅ ልጇ ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቧት። የወደቡ ዘበኛ በሩን ዘጋ።

ሸሃታ ወደ ቤት አደረሰው። አዚዝ በግራ በኩል ባለው ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ወጣና በሩን ገፋ፤ ፍሪጁ ተደግፎበታል፤ አልነቃነቅ አለ። አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ነጃት ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን? ስምህን ጥራ!»

አዚዝ ግንባሩን በሩ ላይ ደገፈ። «ዚዞ» አለ።

«ዚዞ የሚባል ሰው አናውቅም! ሂድ ከዚህ!»

«ነጃት፣ እኔ ነኝ።»

«ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ! ሄዱ? በል ንገረኝ፣ ቤቱ ተረፈ?»

«ተረፈ» አለ። ነጃት አልሐምዱሊላህ እያለች ፍሪጁን ስትጎትት፣ እሱ በሩ ፊት ባለው ጥቁርና ነጭ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።