ከርግቦቹ ሥር

«ወባ ነው አልኩህ እኮ። ሦስት ዙር ኪኒን ውጧል፤ አራተኛውን ይዋጥና ይተኛ።»

ይህን የሚሉኝ የቀን ሠራተኞቹ ካቦ ጋሽ መርሻ ናቸው፤ ቆላው ጠረፍ ላይ፣ ኮኪት፣ የማሽላው መጋዘን በር ላይ ቆመን። እኔ ወባ ያንቀጠቅጣል እንጂ አንገት አያደርቅም እላለሁ። «ገጣሚ ነኝ አላልክም? ሐኪም የሆንከው መቼ ነው?» ብለው ሰው አሳቁብኝ። ታላቅ ወንድሜ ውብሸት ከኋላቸው ጆንያ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ከብርሃን በክንዱ ጋርዷል። «ጋሽ መርሻ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው የምትታዩኝ» አላቸው በቀስታ።  ይህን ሲሰሙ፣ ሰሊጥ የጫነ መኪና ሊያስቆሙ መንገድ ላይ የወጡት ካቦው ራሳቸው ናቸው።

ከጎጃም የወረድሁት ውብሸትን ይዤ ልመለስ ነበር። ለአጨዳ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ሜዳ ላይ እንደሚያድሩ፣ እሱ ግን መጋዘን ውስጥ ከርግቦቹ ሥር እንደሚተኛ ጽፏል። «ሲያንጎራጉሩ የሚካኤል ጣሪያ ሥር ያለሁ ይመስለኛል። ጠዋት ኩሳቸውን ጠርጌ ሥራ እወጣለሁ።» እዚያ አገር ርግብ የሚያባርር የለም፤ ኃጢአት ነው። እኔም ከደብዳቤው ተነሥቼ ግጥም ጽፌ፣ በየማኅበሩ እያነበብሁ ተመስግኜበታለሁ።

ሸኸዲ ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀት ጠየቀን። የእኔ ከቀበሌ የተጻፈ ነው፤ የውብሸት ጊዜው አልፎበታል። ወታደሩ ወደ መኪናው ወጥቶ ፊቱን አየና ወረቀቱን ሳያነበው መለሰልኝ። የገዛሁለትን ሎሚ ቢመጥም አስታወከው። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ይመታናል፤ የታጨደው ማሳ ግራና ቀኝ ጠፍ ሆኖ ተዘርግቷል።

አይከል ስንቃረብ ነፋሱ ተለወጠ። ውብሸት ከጆንያው ቀና ብሎ «ብርድ ሸተተኝ» አለ። «ደረስን?» አገራችን የደረሰ መስሎት ነበር። ትንሽ ቀረን አልሁት።

ጎንደር፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ወጣቱ ሐኪም ከጀርባው ውሃ መቅዳት አለብኝ አለ። ውብሸት እምቢ አለ፤ ከጀርባው የተቀዳ ሰው ሽባ ሆኖ ይቀራል ሲባል ሰምቷል። እጁን ይዤ ብለምነው እሺ አለ። ባለ ላቦራቶሪው ከውሃው ጠብታ ላይ ጥቁር ቀለም ጨምሮ በአጉሊ መነጽሩ አሳየኝ። እኔ የምጽፍበትን የመሰለ ቀለም ነው። በጥቁሩ መካከል ክብ ክብ ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው በነጭ ብርሃን ተከበው ይታያሉ። እንዲያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ማማሩ አናደደኝ።

«ፈንገስ ነው፤ የሻጋታ ዘመድ» አለኝ ሐኪሙ። «በሳንባው ገብቶ የአንጎሉንና የኅብለ ሠረሰሩን ሽፋን ይዞታል። ወፍ ካለበት ቤት ያድር ነበር?»

ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ፣ ከደረቀው ኩስ አቧራ ጋር ስቦት ሳይሆን አይቀርም አለ። መድኃኒቱ እነሱ ዘንድ የለም፤ አዲስ አበባ ይጠየቃል።

ተጠየቀ። ውብሸት ግን በዘጠነኛው ቀን አረፈ፤ እዚያው ጎንደር ቀበርሁት። ከዚያ በባሕር ዳር በኩል ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስሁ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ሲመላለስብኝ ነበር፦ ናፍቆቱን በግጥም ከማሞገሴ በፊት፣ ያ ናፍቆት ያስተኛው ቦታ ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እናቴ «ስለ ርግቦቹ የጻፈውን ድገምልኝ» አለችኝ። አነበብሁላት። «ኩሳቸውን ጠርጌ» የሚለውንም ሳልዘል ጨረስሁት። ሐኪሙ ያለውን አልነገርኋትም።

ከጎታው አንድ እፍኝ ገብስ ዘገነች።

«ለሚካኤል ርግቦች በትኜ ልምጣ» አለች። «በሰው አገር ልጄን ያስተኙልኝ እነሱ ናቸው።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።