የሠርካዲስ ዋስ

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ሆኜ ስመረጥ ሕግ የተማርኩ እንዳይመስላችሁ። ጳውሎስ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። መቀሴን እያንቀጫቀጭኩ ስለፈልፍ የሰማ ሁሉ «ጉታ አፍ አለው» ብሎ እጁን አወጣልኝ። እኔም ወዲያው ካኪ ኮት አሰፋሁ።

ባልና ሚስት ማስታረቅ ተክኜበታለሁ ባይ ነበርኩ። ባልን እቆጣለሁ፣ ሚስትን አባብላለሁ፣ ዋስ ይጠራል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ተያይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሸንጎው ያመሰግነኛል፤ ከዘነጋም እኔው አስታውሰዋለሁ።

እንጨት ፈላጩን አድነውንና ሚስቱን ሠርካዲስን ሁለቴ አስታርቄያቸዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግንባሯ በጨርቅ ታስሯል።

«በመጥረቢያ ነው የምገልሽ ብሎኛል» አለች።

«በንዴት ያመለጠኝ ቃል ነው» አለ አድነው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ኮሌታዬን አቃንቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እግርና እግር እንኳ ይጋጫል። አድነው ዋስ ይጥራና ታረቁ፤ አንቺም ወደ ቤትሽ ግቢ» አልኩ።

«ዋሱን እኔ ልምረጥ?» አለች።

«ምረጪ!» አልኩ፤ ቸርነቴ ራሴን ደስ አሰኘኝ።

«እንግዲያው እርስዎ ይሁኑ፣ ጋሼ ጉታ። ግቢ የሚሉኝ እርስዎ ነዎት። ከገደለኝ እርስዎ ይጠየቁ።»

አብረውኝ የተቀመጡት ዳኞች ጣራ ጣራውን ያዩ ጀመር።

«እኔማ እሱን እንዴት አምኜ...» ብዬ ጀመርኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

«እኔስ?» አለች ሠርካዲስ።

ሕጉ ይፍቀድ አይፍቀድ ሳልጠይቅ፣ አድነው ከቤት እንዲወጣ፣ መጥረቢያው ቀበሌ እንዲቀመጥ፣ ጎረቤቶችም ተራ ገብተው ከሠርካዲስ ጋር እንዲያድሩ ወሰንኩ።

«ወንድ ልጅ ከገዛ ቤቱ? የት ሊያድር?» ብሎ ሸንጎው አጉረመረመ።

የት ያደረ ይመስላችኋል? እኔው ፀጉር ቤት፣ መላጫና መቀሱን ወደ ቤቴ ካሸሸሁ በኋላ። ባለቤቴ አስቻለች «አንተ አስታራቂ! ሌላውን ከገዳይ ጋር ታስተኛለህ፣ ለራስህ ግን መቀስ ትደብቃለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ መጥረቢያ ያለበትን ጉዳይ በጉልበት መሳም ጨርሼ አላውቅም።

አድነው ኋላ ሸጎሌ ቤት ተከራይቶ ሄደ፤ ሠርካዲስም ከእሱ ተፋትታ በቤቷ ኖረች። ዛሬም በደጄ ስታልፍ «ዋሴ፣ እንደምን አደሩ?» ትለኛለች። የሰፈሩ ሰው ጉታ አዳናት ይላል፤ እኔም አላስተባብልም። ያን ቀን የፈራሁት ለራሴ እንደነበር ግን እሷም እኔም እናውቃለን።